መብራት በጠፋበት ሳምንት የእኛ ፍሪጅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሙኒር ከሐይቅ ዳር ደወለልኝ። ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ፣ አዲሱን ትሬይለር ከመኪናው ኋላ ጎትቶ፣ ከዳላስ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሄዷል። ትሬይለር የምለው አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያውና ፍሪጁ ሁሉ ውስጡ ያለ፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው።

«አባ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ልንወጣ ነው። እዚህ ቦታ ፓወር የለም። ፍሪጁን ፕሮፔን ላይ ትቼው ብሄድ ኦኬ ነው? ማለቴ፣ ሴፍ ነው?»

«ትሬይለሩ ዘንበል አላለም?»

«ሌቨል አድርጌዋለሁ።»

«የጀርባው መተንፈሻስ? ምንም ነገር አልተደገፈበትም?»

«ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ልጆቹ በሩን እንዳይከፋፍቱት ንገራቸውና ሂድ። ስትመለሱ ውሃው ጥርስ ያሳምማል።»

ልጆቼ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ኢንሹራንስ ወረቀት እኔን አይጠይቁኝም፤ እኔ ነኝ እነሱን የምጠይቀው። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ጉዳይ ሲሆን ግን ስልኩ የሚደወለው ለእኔ ነው። በዚህ የሚሰማኝን ኩራት ልደብቅ አልፈልግም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባለቤቴ ዘሐራ ቲማቲሟን ውሃ ታጠጣለች። «ሙኒር ፍሪጁን በጋዝ ትቶት ሊወጣ ነው» ስላት ቱቦውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገችና ፈገግ አለች። ሁለታችንም የት እንደሄድን እናውቃለን። ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደናል።

ያኔ፣ ከዳላስ ዳር ያለችው ከተማችን ሳክሲ የከብት መስክና የሽቦ አጥር ነበረች። ዛሬ እኔ የምኖርበት ሰፈር፣ ቤቶቹ ተመሳስለው አንዱን ከሌላው በመኪናው ካልሆነ የማትለዩበት፣ ያኔ ላሞች ይተኙበት ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች እንደነበር ግን አልረሳም። የመንገድ ስልክ በሃያ አምስት ሳንቲም ያስደውል ነበር። አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ ሰላምታ ሳንጨርስ ያልቅብናል። ወንዱ ሁሉ ትከሻው የተነፋ ኮትና ሰፊ ሱሪ ይለብሳል፤ እኔም ከጋርላንድ የቁጠባ ሱቅ የገዛሁት ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ እጅጌው ጣቶቼ ድረስ ይደርስ ነበር። መኪናችን አንድ አሮጌ ሴዳን ነው። የአንዱ በር መስኮት ከወረደ አይወጣም፤ ስለዚህ አናወርደውም። ቴፑ ውስጥ አንድ የወሎ ካሴት አለን፣ በአንድ ፊቱ አምባሰልና ባቲ፣ በሌላው ትዝታ። ክሩ ሲጠመዘዝብን ዘሐራ በእርሳስ ታጠነጥነው ነበር። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እየሰማን እንወጣለን፤ እሷን አዲሰን ከተማ፣ ክፍል የምታጸዳበት ሆቴል በር ላይ አውርዳትና እኔ ወደ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ እቀጥላለሁ። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል ሰው የሚያመላልሰውን ሻትል እነዳ ነበር። ሰማያዊ ሸሚዝና በማስያዣ የሚንጠለጠል ክራባት ተሰጥቶኛል። ክራባቱን ቤት ስገባም ወዲያው አላወልቀውም ነበር።

የምንኖረው ትሬይለር ውስጥ ነበር። ለሽርሽር ማለቴ አይደለም፣ ቤታችን ነበር። ከጋርላንድ ወደ ሳክሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በፒካን ዛፎች ሥር፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ትሬይለሮች የሚቆሙበት ግቢ ነበር። የእኛዋ ነጭ ሆና ወገቧ ላይ ብርቱካንማ መስመር አላት፤ ርዝመቷ ከአንድ ጥሩ ሳሎን አይበልጥም። የሸጡልን ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ እያንዳንዱን ነገር በእጃቸው እየነኩ አሳይተውን ነበር። ፍሪጁ ጋ ሲደርሱ «ይሄ በመብራትም በጋዝም ይሠራል፤ በዚህ ፍሪጅ አጋዘን አድኜ፣ ሥጋዬን ሳምንት ጫካ ውስጥ አቆይቻለሁ» አሉኝ። ዘሐራ እንግሊዝኛው ስላልገባት «ምን አሉ?» አለችኝ። «እሳት ተለኩሶበት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ነው ይላሉ» ስላት ሰውዬው እየቀለዱ መሰላት።

እኔ ግን አልገረመኝም። ባቲ ላይ፣ አጎቴ ሐሰን ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ነበር፤ በላምባ ነበር የሚሠራው። ከታች ክሩ ይነዳል፣ ከላይ ለስላሳው ይቀዘቅዛል። ሰኞ ገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት በሚያፈላበት አገር፣ ከቆላ ግመል እየነዱ የመጡ ነጋዴዎች የቀዘቀዘውን ጠርሙስ ሲነኩ እጃቸውን ሸሸት አድርገው ይስቁ ነበር። አንዱ ለስላሳ ስሙኒ ነው። አጎቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቀው። ፍሪጁ ቀጥ ብሎ መቆሙን በውሃ በተሞላ ሳህን ያያል፤ የእሳቱን ቀለም ደግሞ ጎንበስ እያለ በትንሽ መስታወት ያያል። «ሰማያዊ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ቢጫ ከሆነ እያሾፈብን ነው» ይል ነበር። ትሬይለሯን የገዛሁት በዋጋዋ ብቻ አልነበረም፤ የአጎቴን ፍሪጅ ዘመድ ቴክሳስ ላይ በማግኘቴም ጭምር ነው።

ሌላው ሐበሻ ግን ሳቀብን። ከግቢያችን በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ የአገራችን ሰዎች የሚበዙበት አፓርትመንት ነበር። ከእነሱ ሁሉ የባሰው ጌታቸው ነው። ጌታቸው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በእውነት ልቡ መልካም ሰው ነው፤ ግን ያገኘውን ቀልድ የማይተው። ትሬይለሯን ባየ ቀን «ሰይድ ሰርዲን!» አለኝ፤ እንደ ዓሣ ቆርቆሮ ውስጥ ገባህ ለማለት ነው። ስሙ ተለጠፈብኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚያቆሙት ልጆች ሁሉ በሻትሌ መስኮት «ሰርዲን፣ እንዴት አደርክ?» ይሉኝ ጀመር። እስቅ ነበር። ዘሐራ ግን አትስቅም ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አንድ አመሻሽ፣ ሰማዩ አረንጓዴ መሰለ። ከዚያ ንፋሱ መጣ። እኛና ጎረቤቶቻችን ሮጠን የግቢው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ገባን፤ ብቸኛው በግንብ የተሠራ ቤት እሱ ነበር። ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ስንወጣ ግን የመብራት ምሰሶዎች መንገዱ ላይ ተጋድመዋል፤ አንድ ትልቅ የፒካን ቅርንጫፍ የትሬይለራችንን ጣሪያ ጥግ ጨፍልቆታል፤ እስከ ሳክሲ፣ እስከ ዋይሊ መብራት የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮው አራት ወይም አምስት ቀን ይፈጃል አለ። ሙቀቱ በፋራናይት መቶ ሁለት ነበር።

የዚያን ቀን የእኔም የዘሐራም የእረፍት ቀን ስለነበር ጠዋት ፍሪጁን ወደ ጋዝ ቀየርኩት። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ አልቀዘቀዘም። ዘሐራ «ሽማግሌው ሸውደውሃል» አለች። ያን ጊዜ አጎቴ ትዝ አለኝ። ሳህን ውሃ ሞልቼ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን አጋደለ። ዝናቡ አፈሩን አርሶት አንዱ የትሬይለሯ እግር ሰጥሞ ነበር። በክሪክ አንስቼ፣ ሁለት ጣውላ ከሥር አስገብቼ፣ እንደገና ሳህኑን አየሁ። ቀጥ አለ። ከጀርባ በኩል፣ ከውጭ፣ ባለ ቀዳዳውን የቆርቆሮ መዝጊያ ከፍቼ እሳቷን ሳይ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ጥርት ያለች ሰማያዊ ነበረች። ቀትር ላይ በረዶ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ጠርዙ ነጭ ሆነ። ዘሐራ ጣቷን አስገብታ ነካችውና «ያ አላህ!» ብላ ወደ ውጭ ወጣች፤ መጀመሪያ ያገኘቻት ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ ሮሳ ነበረች፤ ለእሷ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ እግር አፓርትመንቱ ድረስ ሄደ።

እዚያ ሁሉም ፍሪጅ ሞቷል። ነዳጅ ማደያዎቹ የሚሸጡት በረዶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አልቋል፤ የተገኘውም በግማሽ ቀን ውሃ ይሆናል። ሮሳ ለሕፃን ልጇ ጆሮ የታዘዘውን፣ ካልቀዘቀዘ የሚበላሸውን ሮዝ ሽሮፕ ይዛ መጣች። ወዲያው ጌታቸው ደረሰ። በሁለት እጁ ትልቅ ፌስታል አቅፏል።

«ዘሐራ፣ የእናንተ ፍሪጅ ይሠራል አሉ።»

«ይሠራል።»

«በይ እስቲ ይቺን አስገቢልኝ። የቅርጫ ሥጋ ነው፤ ትናንት ነው የታረደው።»

«ሥጋ አላስገባም፣ ጌታቸው። የራሴንም አውጥቼ እየቀቀልኩት ነው። ቦታው ትንሽ ነው።»

የእሱና የእኛ ሥጋ እንደማይቀላቀል ሦስታችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን የራሷንም ስላወጣች ማንም ቅር የሚሰኝበት ነገር አልነበረም። ጌታቸው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«የእናትህ መድኃኒት የት ነው?»

«እ?»

«የእማማ ኢንሱሊን። የት አስቀመጥከው?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነዋ።»

«የትኛው ፍሪጅ ውስጥ?»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ፌስታሉን ደረጃው ላይ ጥሎ ሮጠ። እናቱ እማማ ዙሪያሽ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ስምንት ወራቸው ነበር። ስኳር አለባቸው፤ ኢንሹራንስ የላቸውም። ጌታቸው ወራት ሲሰለፍ ከርሞ፣ ከአንድ ነፃ ክሊኒክ የሦስት ወር ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ ያገኘላቸው ከሳምንት በፊት ነው። ያ ከተበላሸ ሌላ አልነበረም።

ሳይደርስ እሳቸው ራሳቸው በግቢው በር ሲገቡ አየናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ ሴት ናቸው። መድኃኒቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። «ልጄ ሥጋውን ይዞ ሲወጣ አይቼ ነው የተነሳሁት» አሉ። ጌታቸው ከኋላቸው መሬት መሬት እያየ መጣ። ጠርሙሶቹን ዘሐራ ከሮሳ ሽሮፕ ጎን፣ መሐል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ከበረዶ ሳጥኑ ራቅ አድርጋ፣ በረዶ እንዳይነካቸው። በሩን ዘጋን።

ችግሩ የማግስቱ ነበር። ሁለታችንም ሥራ አለን። አውሮፕላን ማረፊያው መብራት አልጠፋበትም፣ ሆቴሉም የራሱ ጄኔሬተር አለው። እኔ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር፤ አንድ ቀን መቅረት ማለት ሥራውን ማጣት ነው። እስከዚያን ቀን ደግሞ ማንም ቤት ሳይኖር ያንን ፍሪጅ በእሳት አሠርተነው አናውቅም። ወንበሮቹን ጥላ ውስጥ አድርገን ተቀምጠን ተከራከርን።

«እሳት ለኩሰን ቤት ዘግተን ልንሄድ?» አለች ዘሐራ።

«ካጠፋነው ማታ ድረስ ሁሉም ይሞቃል።»

«ቢቀጣጠልስ?»

«ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው። እሳቱ ከጠፋም ጋዙን ራሱ ይዘጋዋል።»

«ከጠፋስ ማን ያያል? እኔ አዲሰን ነኝ፣ አንተ ኤርፖርት።»

ጌታቸውም ታክሲ ላይ ነው፤ ሮሳም ጠዋት ትወጣለች። እማማ ዙሪያሽ አጠገባችን ነበሩ፤ የሚሰሙን አይመስለንም ነበር።

«እኔ አያለሁ» አሉ።

«እማማ፣ በዚህ ሙቀት እንዴት ይሆናል?»

«ያ ቤት ከዚህ ይብሳል። ስምንት ወር ሙሉ የማይገባኝን ቴሌቪዥን ሳይ ከርሜያለሁ፤ አንዲት እሳት ማየት ያቅተኛል? ወንበር ብቻ አውጣልኝ።»

ጌታቸው ሊቃወም ሲል በእጃቸው ዝም አሰኙት። ወንበራቸውን ከዛፉ ሥር፣ እሳቷ በምትታይበት ወገን አደረግኩላቸው። ውሃ በገንቦ፣ ምሳቸውን በሳህን አዘጋጀን። ለዘሐራ ቀድሜ አለኳኮሱን ሳሳያት እሳቸው ቆመው ያዩ ነበር፤ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ፣ ክብሪት መጫር፣ እሳቱ እስኪጸና አንድ ደቂቃ ያህል አለመልቀቅ። ለእሳቸው ግን «እንዳይነኩት» አልኳቸው። «ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ይዩ። ማንም በሩን እንዳይከፍት። ቢጠፋ እኔ ስመጣ እለኩሰዋለሁ።» «እሺ» አሉኝ። አሁን ሳስበው ያ እሺ ልጅን ዝም ለማሰኘት የሚባለው እሺ ነበር። ከመሄዴ በፊት ደግሞ አንድ ብልሃት ሠራሁ፤ የከሰዓት ፀሐይ የፍሪጁን ጀርባ እንዳይመታው የአልጋ አንሶላ በገመድ ወጥሬ፣ ሁለት ክንድ ያህል አርቄ ጥላ አደረግኩለት። በዚያ አንሶላ በጣም ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንመለስ እማማ ዙሪያሽ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ነበሩ። የሮሳ ባል ቢራ ሊያስገባ መጥቶ በእጃቸው እንዳባረሩት ሮሳ እየሳቀች በምልክት አስረዳችን። መርፌያቸውን ወጉ፣ የሕፃኑ ሽሮፕ ተሰጠ፣ በሩ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ተዘጋ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ተርሚናል ሲ ፊት ለፊት ሰው ሳወርድ ንፋስ የአንዲት ሴትዮ ባርኔጣ ነጠቃት። ቀና ብዬ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋርላንድ አየሁ። የአቧራ ግድግዳ ቆሟል። ሐሳቤ ወዲያው ወደ አንሶላው ሄደ። ወጥሬዋለሁ፣ ግን በምን? በልብስ ገመድ። ንፋሱ አንሶላውን ወስዶ መተንፈሻው ላይ ቢለጥፈውስ? እሳቷ ታፍና ትጠፋለች። ወይ ደግሞ አትጠፋም፤ አንሶላው ይያያዛል። ትሬይለሯ፣ መድኃኒቱ፣ አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት። የምደውልበት ስልክ የለም። አለቃዬን ሄጄ «ቤቴ ድረስ ደርሼ ልምጣ» አልኩት። «ምን ሆነ?» አለኝ። ፍሪጄ እሳት አለው ብዬ እንዴት ልንገረው? «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩ። ሰዓቱን አየና «ሰው የለኝም፤ ፈረቃህን ጨርስ» አለኝ። ጨረስኩ። ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ተሳፋሪ «ተርሚናል ኢ» ሲለኝ ተርሚናል ቢ አወርድ ነበር። ዘሐራን ከአዲሰን ሳነሳት ፊቴን አይታ ካሴቱን አጠፋችው።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት አንሶላው አለመኖሩን ነው። ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ተጎትቷል። እማማ ዙሪያሽ ወንበራቸው ላይ የሉም። መኪናዋን በሩ ክፍት ትቼ ሮጥኩ። ከትሬይለሯ ጀርባ፣ ባዶውን የበረዶ መያዣ ሳጥናችንን ገልብጠው ተቀምጠውበት፣ የሳጥኑን ክዳን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ግድግዳ እሳቷን ከንፋሱ ከልለዋታል። አንሶላው ታጥፎ፣ በድንጋይ ተጭኖ እግራቸው ሥር አለ። አንዱ ጠርዙ ጠቁሯል።

«እማማ! ደህና ነዎት?»

«ድምፅህን ቀንስ። እየሠራ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ነበረች።

«ጠፍቶ ነበር» አሉ፤ እንደ ተራ ነገር። «ያ ጨርቅህ መጥቶ ተለጠፈበት። መሽተት ሲጀምር ጎትቼ አወረድኩት፤ ያን ጊዜ እሳቱ ጠፋ። የጋዙ ሽታ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ ለኮስኩት።»

«አይንኩት ብዬዎት አልነበረም?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ለገሃር አጠገብ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ቡታጋዝ ስለኩስ ኖሬያለሁ። አንተ ያኔ ተወልደሃል?»

ዘሐራ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። ቁልፉን የተጫኑበት አውራ ጣታቸው አብጦ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ቶሎ ስለለቀቁት ጠፍቶባቸዋል። ሰዓት የላቸውም፤ አንድ ደቂቃ ስንት እንደሆነ በምን ይወቁ? በሁለተኛው ጊዜ ቁልፉን ተጭነው አባታችን ሆይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ደገሙ፤ ሲለቁት እሳቱ ጸና። ይህን ሲነግሩን ዘሐራ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ፍሪጁን ከፈትኩ፤ ጠርሙሶቹን ነካሁ። ቀዝቃዛ ነበሩ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ትንሽ ቆየሁ፤ ክራባት ያሰረ ሰው ሲያለቅስ እንዳያዩ።

ጌታቸው ማታ መጥቶ የሆነውን ሲሰማ ተቀመጠ። ቀልድ አልነበረውም። ሲነሳ «ሰይድ፣ ስለ ሁሉም ነገር…» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ የትሬይለሯን ጎን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረጋት፤ እንደ ፈረስ። በማግስቱ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ሙሉ ሲሊንደር ጋዝ ተሸክሞ መጣ። በአምስተኛው ቀን መብራት ሲመለስ አፓርትመንቱ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ሮሳ የቀረውን ሽሮፕ ወሰደች፤ ሕፃኑ ድኗል። እማማ ዙሪያሽ መድኃኒታቸውን በዚያው እርጥብ ፎጣ ጠቅልለው ሄዱ፤ በወሩ ክሊኒክ ሲለኩ ስኳራቸው ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቴሌቪዥን ፊት አልተቀመጡም። በየጠዋቱ ግቢያችን ድረስ በእግራቸው እየመጡ፣ ከዛፉ ሥር በኋላ ከሜክሲኮ ከመጡት የሮሳ እናት ጋር ይቀመጡ ነበር፤ አንዳቸው በአማርኛ፣ አንዳቸው በስፓኒሽ፣ እንዴት እንደሚግባቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰርዲን የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራኝም። ትሬይለሯን ሙኒር ሲወለድ ሸጥናት፤ ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ፍሪጁን እኔ ራሴ እያንዳንዱን ነገር በእጄ እየነካሁ አሳየኋቸው።

ታሪኩን ግን አልሸጥኩትም። የትም ቦታ፣ በኢድም፣ በልደትም፣ ኤርፖርት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሐበሻ ሁለት ሦስት ከተሰበሰበ እኔ አወራዋለሁ። ሲወራ ሲወራ ደግሞ ታሪክ የራሱን መልክ ይይዛል። የሳህኑ ውሃ፣ ጣውላው፣ የአጎቴ መስታወት እየረዘሙ መጡ፤ አንሶላው እያጠረ ሄዶ አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ። ውሸት ተናገርኩ አልልም፤ ግን ሰው ሲሰማኝ አራቱን ቀን ፍሪጁን ብቻዬን ያቆየሁት ይመስል ነበር፤ እኔም አላረምኩትም።

የጌታቸው ትልቋ ልጅ ስትሞሸር አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማማ ዙሪያሽ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው፤ የክብር ጠረጴዛው ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ። ሙሽራው ዲቪ ሎተሪ ደርሶት በቅርቡ የመጣ፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ከበውኝ «አባባ፣ የድሮው ጊዜ እንዴት ነበር?» አሉኝ። ሁለት ጊዜ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ማዕበሉን፣ ሙቀቱን፣ ዘንበል ያለችውን ትሬይለር፣ ሁሉንም በእጄ እያሳየሁ ተረክሁላቸው። «ከዚያማ» አልኩ «ንፋስ ተነሳ፤ ግን እሳቷ…»

ከዘራው ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ።

«ሰይድ» አሉ እማማ ዙሪያሽ።

«አቤት፣ እማማ።»

«አንሶላውን ማን ሰቀለው?»

ከማዶ ዘሐራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ማን አወረደው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ክብሪቱንስ ማን ጫረው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ። በእርስዎ እጅ ነው የተለኮሰው።»

ልጆቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። አንዱ እንደ እውነተኛ ሐበሻ ከወንበሩ ብድግ አለላቸው። እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና በእጃቸው መንገዱን ለቀቁልኝ።

«ይኸው ነው» አሉ። «በል አሁን ቀጥል።»